የጋፋቱ አባወራ
ከመድፍ እቶን እስከ ሕሙማን ማረፊያ የተዘረጋ የ83 ዓመት ሕይወት

አዲስ አበባ ውስጥ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወይም ቁልቁል ሲጓዙ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የተቀመጠውን አፈ ሰፊ መድፍ አይተውት ያውቃሉ። ምናልባት ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅዎ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆዎትም ይሆናል። «ሴባስቶፖል ነው፤ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ» ብለው መልሰው መንገድዎን ቀጥለዋል። መልስዎ ትክክል ነው። በእርግጥ አደባባዩ ላይ ያለው አምሳያው ነው፤ እውነተኛው ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ። ልጅዎ ግን አንድ ጥያቄ ቢጨምር ኖሮ፣ «ማን ሠራው?» ቢልዎት፣ ምን ይሉት ነበር?

በዚህ ወር «ቤተሰብና ሕይወት» ዓምዳችን የምናስታውስዎት ያንን መድፍ ከሠሩት እጆች የአንዱን ባለቤት ነው። ስሙ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ይባላል። ስዊዘርላንዳዊ ነው፤ ትዳሩን የያዘው፣ የአባትነትን ወግ ያየውና የእጁን ሙያ የፈተነው ግን በእኛው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በምትባል ኮረብታ ላይ ነው። ሕይወቱ በመድፍ ቢያበቃ ኖሮ ለታሪክ መጻሕፍት እንተወው ነበር። ለቤተሰብ መጽሔት የሚሆነው ከዚያ በኋላ የሠራው ነው።

ከገጠር ልጅነት ወደ ጉና ግርጌ

ዋልድማየር በ1832 (ይህና ቀጥለው ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስዊዘርላንድ አርጋው ግዛት፣ ሞህሊን በምትባል መንደር ተወለደ። ያደገው በካቶሊክ ቤተሰብ ውስጥ ነው። በወጣትነቱ ባዝል ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና የወንጌላውያን ማሠልጠኛ ገባ። ይህ ተቋም ወጣቶችን የሚያሠለጥነው በቃል ብቻ እንዲያስተምሩ አልነበረም። አናጢ፣ ግንበኛ፣ ብረት ሠሪ ሆነው በሄዱበት አገር በእጃቸው ሠርተው እንዲበሉና ሙያቸውን እያካፈሉ እምነታቸውን እንዲመሰክሩ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ የላካቸው የኢየሩሳሌሙ የአንግሊካን ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ነው። ጎባት ራሱ በ1830ዎቹ በአገራችን የኖረ ሰው ነበር። በ1855 የነገሡት አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ ከሰባኪ ይልቅ ባለሙያ እንደሚፈልጉ ግልጽ አድርገው ነበር፤ መንገድ የሚጠርግ፣ ብረት የሚያቀልጥ፣ ጠመንጃ የሚጠግን። ዋልድማየር በ1850ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው፣ ከጓደኛው ከዛልሙለር ጋር ደረሰ። ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን የሚባሉት ቀድመዋቸው ገብተው ነበር።

ንጉሡ እነዚህን ሰዎች ያሰፈሩት ጋፋት ላይ ነው። ደብረ ታቦርን የሚያውቁ ከሆነ አካባቢውን መገመት አይቸግርዎትም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ፣ በማለዳ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ፣ በምሥራቅ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታይ የጉና ተራራ። ኮረብታዋ ላይ ጎጆዎች ተቀለሱ፤ ከአጠገባቸው እቶን፣ የብረትና የእንጨት ሥራ ቤት ተከፈተ፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ሙያ እንዲለምዱ ተመደቡ። ሕፃናት ፊደል የሚቆጥሩበት ትምህርት ቤትም ነበር። ዛሬ ብዙ ጸሐፍት ጋፋትን የአገራችን የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ መንደር የሚሏት ለዚህ ነው።

አማች ሆኖ መኖር

የእንግድነት ኑሮው ብዙም አልቆየም። ዋልድማየር የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ። ጆን ቤል እንግሊዛዊ ሲሆን የሊቀ መኳስነት ማዕረግ የተሰጠው፣ ከአፄ ቴዎድሮስ ጎን የማይለይ ወዳጃቸው ነበር። ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ እንደ አገሩ ሰው ለብሶና በልቶ ኖሯል፤ በ1860ም ንጉሡን ሲከላከል በጦር ሜዳ ወድቋል። የሱዛን እናት ኢትዮጵያዊት ናት። ዛልሙለርም ሌላዋን የቤል ልጅ አግብቶ ሁለቱ ጓደኛሞች ባጃ ሆኑ።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡት። አንድ ሰው በሰው አገር ሚስት ሲያገባ፣ ልጅ ሲወልድ፣ አማት ሲኖረው ከአገሩ ጋር ያለው ውል ይለወጣል። ዋልድማየር አማርኛ ተናገረ፣ በአማርኛ ተከራከረ፣ ቤቱን በዚሁ ባህል መራ። ንጉሡ እነዚህን ባለሙያዎች «ልጆቼ» እያሉ በፈረስና በበቅሎ፣ በክብር ልብስ ሸለሟቸው። ያው ትዳር ያሠረም ገመድ ነበር። ብቻውን የመጣ ሰው በሌሊት ሊያመልጥ ይችላል፤ ሚስትና ሕፃናት ያሉት ግን ንጉሥ ሲቆጣ የሚሸሽበት የለውም።

«አንችልም» ያሉት እጆች

አንድ ቀን የማይቀረው ትእዛዝ መጣ፤ መድፍ ሥሩልኝ የሚል። ዋልድማየር በ1886 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ እሱና ጓደኞቹ ይህን ሥራ እንደማያውቁት ተናገሩ። እውነታቸውን ነበር። በር የሚሠራ አናጢና ማረሻ የሚቀጠቅጥ ብረት ሠሪ መድፍ አፍስሶ አያውቅም። ንጉሡ ግን እምቢታውን አልተቀበሉም፤ አገልጋዮቻቸውን አሰሩባቸው። በሌላ ሰው እግር ላይ የገባ ሰንሰለት «እስቲ እንሞክር» አሰኛቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ፣ የሥራውን ውጤት ለጊዜው ትተን ሙያውን ብቻ ብናይ፣ በየጓዳው እየሞከሩ መማር ምን እንደሚመስል ያሳያል። ነሐስ ለማቅለጥ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል። ያንን ሙቀት የሚችል ጡብ ከየትኛው አፈር እንደሚሠራ መታወቅ አለበት፤ ተራ ጡብ እቶኑ ውስጥ ራሱ ይቀልጣል፣ ይፈርሳል። የመድፉ ቅርጽ በጭቃ ተሠርቶ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ጭቃው ውስጥ ጥቂት እርጥበት ከቀረ፣ የቀለጠው ነሐስ ሲነካው ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ሥራውን ከነሠሪው ይበትነዋል። የሚፈሰው ብረት መሐል ላይ ከቆመም መድፉ ስንጥቅ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ለትልቅ መድፍ እቶኖች በአንድ ጊዜ ተቀጣጥለው፣ ብረቱ ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ጡቡም ከዳ፣ እቶኑም ፈረሰ። ከነሱ መሐል ይህን ሙያ በወጉ ያውቅ የነበረው ሰው ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ፣ የማያውቁት ቀሩ። አፄ ቴዎድሮስም አልተቆጡም፤ ሞክሩ፣ ደግማችሁ ሞክሩ እያሉ አበረታቷቸው። በመጨረሻ መድፍ ወጣ። ከዚያም እየተለቀ ሄዶ፣ በ1867 ወደ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተፈሰሰ። ስሙን ያገኘው ከክሪሚያው ጦርነት ነው። ያቺ የሩሲያ ወደብ በመድፍ የተደበደበችበት ወሬ ኢትዮጵያ ድረስ ተሰምቶ ነበርና።

ዋልድማየር ደስ ብሎት ነበር? እምነቱ ለሰላም የሚያደላ ሰው፣ ወንጌል ልሰብክ ብሎ መጥቶ የጦር መሣሪያ ማውጣቱ ሳያሳስበው አልቀረም። ሌላም ፍርድ ነበረበት። በ1862 አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ሲቀር፣ ቆንስል ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ፤ ሊያስፈታ የመጣው ራሳምም በ1866 ከነባልደረቦቹ ታስሮ መቅደላ ወረደ። እግራቸው በብረት የታሰረው ሰዎች ጋፋት ተቀምጠው ለንጉሡ የሚሠሩትን ወገኖቻቸውን በቅሬታ ነበር የሚያዩት። «እኛ በሰንሰለት፣ እነሱ በሽልማት» የሚል ቅሬታ። በሌላ በኩል ጋፋቶች ከንጉሡ ጋር ያላቸውን ቅርበት ተጠቅመው ለእስረኞቹ ይለምኑ፣ መልእክት ያደርሱ ነበር። እርስዎ ከማን ጋር ይቆሙ ነበር? ሕፃናት እቤትዎ ካሉ፣ መልሱ ቶሎ እንደማይመጣልዎት እንገምታለን።

መንገድ የሠራ ንጉሥ

በጥቅምት ወር 1867 አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ጋፋትም በዚያው አከተመላት። ባለሙያዎቹ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው፣ መድፎቹን በሠሯቸው ሠረገላዎች ላይ ጭነው ተከተሉ። ያ ሁሉ ነሐስ የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም፤ እየጠረጉ ማለፍ ነበረባቸው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሴባስቶፖልን በጠፍር ገመድ ጎተቱ። የጅጣንና የበሽሎን ገደል የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ንጉሡ ራሳቸው ከድንጋዩ ጋር ይታገሉ እንደነበር በቦታው የነበሩ ጽፈዋል። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ ውጊያው ሆነ። ምሽቱን ለዕርቅ ከተላኩት አንዱ ዋልድማየር ነበር። በፋሲካ ሰሞን እስረኞቹም፣ የጋፋት ቤተሰቦችም ከአምባው ወጡ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ አፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው አለፉ።

ከዚያ ትርምስ ውስጥ አንድ የቤተሰብ ወሬ እናካፍልዎት። ከጋፋት መድፍ ሠሪዎች አንዱ፣ ከፖላንድ የመጣው ሞሪትስ ሆል፣ የጀርመናዊው ሠዓሊ የዛንደርና የኢትዮጵያዊት እናት ልጅ የሆነችውን ወለተ ኢየሱስን አግብቶ ነበር። በዚያው በመቅደላ ሰሞን ሴት ልጅ ወለዱ፤ ስሟንም ማግዳሌና አሏት። የማግዳሌና የልጅ ልጅ ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ያገኘው ታዋቂው ተዋናይ ፒተር ዩስቲኖቭ ነው። የጋፋት ደም ሆሊውድ ድረስ ዘልቋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሕይወት፦ ሊባኖስ

ዋልድማየር ከአገር ሲወጣ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። አሥር ዓመት የለፋበት መንደር ፈርሷል፤ በእጁ የሠራው ትልቁ ሥራ ተራራ ላይ ቀርቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወደ እናቱ አገር ተመልሶ ቀሪ ዘመኑን ትዝታ ሲያወራ ይኖራል። እሱና ሱዛን ግን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቤይሩት አቀኑ።

መጀመሪያ እንግሊዛውያን በከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች ሠሩ። በ1873 ከቤይሩት በላይ ባለው ተራራ ወደምትገኘው ብሩማና መንደር ወጥተው የራሳቸውን ትምህርት ቤት ጀመሩ። ዋልድማየር ወደ እንግሊዝ ተጉዞ፣ ጦርነትን ጨርሶ የማይቀበሉት ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች እንዲደግፉት አደረገ፤ ኋላም ራሱ ከእነሱ ማኅበር ገባ። መድፍ ያፈሰሰው ሰው የሰላም ሰዎችን ማኅበር መረጠ። ብሩማና ላይ የወንዶችም የሴቶችም ትምህርት ቤት፣ የሕክምና ቦታም ተከፈተ። ግንባታውን፣ ውሃውን፣ መንገዱን ሲመራ የጋፋት ልምዱ ጠቅሞት መሆን አለበት። የብሩማና ትምህርት ቤት ዛሬም እያስተማረ ነው፤ ከተመሠረተ 150 ዓመት አልፎታል።

በስልሳ አራት ዓመቱ የጀመረው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በዚያ ዘመን ሊባኖስ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ያገኘው ሰው የሚወሰድበት ሕክምና ቤት አልነበረም። ቤተሰብ ይደብቀዋል፤ ወይም ወደ ገዳም ይወስደዋል። በቅዱስ እንጦንዮስ ስም በሚጠራው በቆዝሃያ ገዳም ዋሻ ውስጥ ሕሙማን አንገታቸው በሰንሰለት ታስሮ ርኩስ መንፈስ እስኪለቃቸው ይጠበቅ ነበር። ዋልድማየር ይህን አየ።

በ1896፣ ዕድሜው ስልሳ አራት ሲሆን፣ ቤይሩት ላይ ሰዎችን ሰብስቦ ለእነዚህ ሕሙማን ሆስፒታል እንሥራ አለ። ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ ሻንጣውን ይዞ በአውሮፓና በአሜሪካ ገንዘብ እየለመነ ዞረ። ለንደን ላይ የበላይ ኮሚቴ ተቋቋመ። በ1898 ከቤይሩት ወጣ ብላ ያለች አስፉሪየ የምትባል ቦታ ተገዛች፤ ስሟ ከወፍ ጋር የተያያዘ ነው። በ1900 ሆስፒታሉ በሩን ከፈተ። ክርስቲያን፣ ሙስሊም፣ ድሩዝ፣ አይሁዳዊ ሳይባል ሁሉም ይታከምበት ነበር። ግቢው እንደ መንደር ነበር፤ የወንዶችና የሴቶች ቤቶች ተለይተው፣ በአትክልትና በዛፍ መካከል።

ልብ ይበሉ፤ ይህ ሰው በወጣትነቱ ሰንሰለት ምን እንደሚያደርግ በቅርብ አይቷል። በአገልጋዮቹ እግር የገባ ሰንሰለት የማያውቀውን ሥራ አስጀምሮታል፤ ወገኖቹ መቅደላ ላይ በብረት ታስረው ከርመዋል። በእርጅናው የመረጠው ሥራ ሰንሰለት ማውለቅ ሆነ።

ዋልድማየር በ1915 አረፈ። ሆስፒታሉ በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ተጎድቶ በ1982 እስኪዘጋ ድረስ ሕሙማንን ሲያክም ቆይቷል።

እኛስ ምን እንውሰድ?

የሰዎች ሕይወት በአንድ ሥራ አይለካም። ልጅዎ በአንድ ትምህርት ሲወድቅ፣ ባለቤትዎ ሥራ ሲለቁ፣ አባትዎ ጡረታ ወጥተው ቤት ሲውሉ ይህን ታሪክ ያስታውሱላቸው። የዋልድማየር ትልቁ ሥራ የተጀመረው ብዙዎች «በቃኝ» በሚሉበት ዕድሜ ነው።

ሁለተኛው ነገር ይከብዳል። የዋልድማየርን ስም የምናውቀው መጽሐፍ ስለጻፈ ነው። ከእሱ ጋር ወናፍ የነፉት፣ ጡብ የጋገሩት፣ ከሰል ያከሰሉት፣ ቅርጹን ያደረቁት የደብረ ታቦር ልጆች ግን ስማቸው አልተጻፈም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚፍቅ፣ ሸክላ የምትሠራ ሰው «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። አፄ ቴዎድሮስ ባለሙያን ከአጠገባቸው አስቀምጠው ሲያከብሩ፣ ኅብረተሰቡ የራሱን ባለእጅ ከማዕድ ያርቅ ነበር። ጋፋት ከፈረሰች በኋላ ሙያው ተከታይ አጥቶ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ንቀት ነው ብንል አንሳሳትም። እርስዎ ቤት ሬዲዮ የሚፈታታ፣ የተሰበረ መጫወቻ የሚጠግን ልጅ ካለ «እጅህን አታቆሽሽ» ከማለትዎ በፊት ጋፋትን ያስቡ።

ሦስተኛው የሕሙማኑ ጉዳይ ነው። ዛሬም በአገራችን የአእምሮ ሕመም ያገኘውን ወንድም ወይም ልጅ የሚደብቅ፣ አልፎ አልፎም የሚያስር ቤተሰብ አለ። የሚያስረው ጠልቶ አይደለም፤ ፈርቶ፣ መላ አጥቶ ነው። ጠበል የሚወስዱ ከሆነ መውሰዱን ሳይተዉ ሐኪም ዘንድም ያቅርቡት። አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ ሕመም የተለየ ነው፤ በክልሎችም ብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። መድኃኒት ሲጀመር ቤተሰብ በትዕግሥት አጠገቡ መቆም አለበት፤ ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋልና። ሰንሰለቱ እንዲወልቅ የመጀመሪያው ቁልፍ ያለው ቤተሰብ እጅ ላይ ነው።

ቤተሰብዎን ይዘው ቢሄዱ

መንገዱ ሰላም ሲሆንና ዕረፍት ሲያገኙ ጉዞ ያስቡ። ከባሕር ዳር ተነስተው በጎንደር መንገድ ወረታ ሲደርሱ ወደ ምሥራቅ ይታጠፉ፤ ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ፣ ፎገራ ውስጥ፣ በእጅ ሥራቸውና ወንድና ሴት እኩል በሚሠሩበት ኑሯቸው የሚታወቁት የአውራ አምባ ሰዎች መንደር አለ፤ ልጆች ሽመና ሲሠራ በዓይናቸው ያያሉ። ነሐሴ 13 የቡሄ ዕለት ከደረሱ ከተማዋ የስሟን በዓል ስታከብር ያገኟታል። ጋፋት ከከተማዋ ብዙ አትርቅም፤ የአካባቢው ሰው ያሳይዎታል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የቴክኖሎጂ ተቋሙን ጋፋት ብሎ ሰይሞታል።

ኮረብታዋ ላይ ሲቆሙ ትልቅ ሕንፃ አይጠብቁ፤ የሚያዩት ሣር፣ ድንጋይና ነፋስ ነው። ለልጆችዎ እቶኑ ስንት ጊዜ ፈርሶ ስንት ጊዜ እንደተሠራ ይንገሯቸው። የሱዛንን እናት፣ ወናፍ ነፊዎቹን፣ ሠረገላ ጎታቾቹንም አይርሱባቸው። መድፉን ማን እንደሠራው ያኔ ሙሉውን መልስ ይዘው ይመለሳሉ።